ዝገትና ጋሻ፦ የወተት ላም በወሊድ ሰሞን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ዝገት መናገር በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት አዲስ ነገር አይሆንም። ድልድይም ሆነ የውሃ ቧንቧ፣ የፋብሪካ የእንፋሎት ጋንም ሆነ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ ዕድሜው የሚወሰነው ከኦክሲጅን ጋር በሚያደርገው የማያቋርጥ ትግል ነው። ዛሬ የሚነሣው ጉዳይ ግን ስለ ብረት ሳይሆን ስለ ወተት ላም ነው። ላም እንደ ማንኛውም እንስሳ ያለ ኦክሲጅን ጥቂት ደቂቃ እንኳ ልትኖር አትችልም፤ ይኸው ኦክሲጅን ግን ጠባቂ ካልተደረገበት ሕዋሳቷን ከውስጥ ይበላቸዋል። በሳይንስ አነጋገር የኦክሲዴሽን ጫና የሚባለው ይህ ነው። ነገሩ ለረጅም ጊዜ የእንስሳት ሐኪሞች ድርሻ ብቻ ተደርጎ ታይቷል። ይሁን እንጂ ከመፍትሔው አብዛኛው የሚገኘው ከሐኪሙ ሣጥን ይልቅ በማዳበሪያ ፋብሪካ፣ በመኖ መቀላቀያና በድርቆሽ መጋዘን ውስጥ ስለ ሆነ የመሐንዲሱም ጉዳይ ነው።

ችግሩ በባለላሙ ደጅ የሚገለጥበት መልክ የታወቀ ነው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶባት የተገዛች የተዳቀለች ላም ደኅና ሆና ትከርምና በወለደች ማግሥት ነገር ይለወጣል። የእንግዴ ልጁ ሳይወርድ ይቀራል፤ ከግቷ አንዱ ክፍል ያብጣል፣ ይግላል፤ ወተቱ ተቋጥሮ ወይም ውሃ መስሎ ይወጣል። መርፌ ትወጋለች፤ መድኃኒቱ ከወተቱ እስኪጠፋ ድረስም የታለበው ሁሉ ይደፋል። ጎረቤት «ዓይን ነው» ይላል፤ ባለቤቱ የአላቢዋን እጅ ይጠረጥራል። የአላቢ እጅ ንጽሕና፣ የበረቱ ድርቀት፣ የጡቱ አስተጣጠብ በእውነቱ ትልቅ ቦታ አላቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሆኖም በአንድ በረት፣ በአንድ አላቢ እጅ፣ በአንድ ሳምንት ከወለዱ ሁለት ላሞች አንዷ ስትታመም ሌላዋ ጤነኛ የምትሆንበት ምክንያት በንጽሕና ብቻ ሊገለጽ አይችልም። ጀርሙ ለሁለቱም ደርሷል፤ የተለያየው የተቀበለው ሰውነት ነው።

ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት በሕዋስ ውስጥ የሚካሄደውን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። ላሚቱ መኖዋን ወደ ኃይል የምትለውጠው በየሕዋሱ ውስጥ በሚገኙ፣ ሚቶኮንድርያ በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ምድጃዎች ነው። በእነዚህ ምድጃዎች ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፉ ቆይተው በመጨረሻ ከኦክሲጅን ዘንድ ይደርሳሉ፤ ውጤቱም ውሃ ነው። ነገር ግን ያለ ብክነት የሚሠራ ማሽን እንደሌለ ሁሉ ከኤሌክትሮኖቹም ጥቂቶቹ መንገድ ስተው ይሾልካሉ። የሾለከውን ኤሌክትሮን የተቀበለ ኦክሲጅን ሱፐሮክሳይድ ይባላል። ከእርሱ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይገኛል፤ ይህም ያልታሰረ ብረት ባገኘ ጊዜ ከሁሉ የከፋውን፣ ሃይድሮክሲል የተባለውን ራዲካል ያስገኛል። ራዲካል ማለት ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለበት፣ ጥንዱንም ካገኘው ሁሉ የሚነጥቅ ቅንጣት ነው። ለመነጠቅ የሚቀለው ደግሞ የሕዋስን ሽፋን የሠራው ቅባት ነው። የተነጠቀው ቅባት በተራው ራዲካል ሆኖ ከጎረቤቱ ይነጥቃል፤ በደረቅ ሣር ላይ እንደተለቀቀ እሳትም ይዛመታል።

እሳቱ ከመቼውም ይልቅ የሚበረታው በወሊድ ሰሞን፣ ይኸውም ከመውለዷ በፊትና በኋላ ባሉት ሦስት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የላሚቱ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ የወተቱ ሥራ ግን በአንድ ጊዜ ይጀመራል። ገቢዋ ወጪዋን መሸፈን ሲያቅተው ከራሷ ስብ እያወጣች በጉበቷ ታነድዳለች። ምድጃው በሙሉ ኃይሉ ሲነድድ ብልጭታውም ይበዛል። በዚያው ላይ ለጥጃው በምታዘጋጀው እንገር ውስጥ ብዙ ቪታሚን ኢ ታፈስሳለች፤ ከዚህም የተነሣ በደሟ ውስጥ ያለው ቪታሚን ኢ በወለደችበት ሰሞን እጅግ ዝቅ ይላል። ጥጃው በማኅፀን ሳለ ከእናቱ የሚያገኘው ቪታሚን ኢ በጣም ጥቂት ስለ ሆነ እንገሩን በጊዜው ካልጠባ ሌላ ምንጭ የለውም። እናቲቱ ጋሻዋን ለልጇ ሰጥታ ራሷ ባዶ እጇን ትቀራለች ማለት ይቻላል።

የነገሩ ዋና ቁም ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ጀርም በጡት ቀዳዳ በኩል ወደ ግት ሲገባ ከደም ወጥተው ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት ጀርሙን ይውጡታል፤ ከዋጡትም በኋላ ከሚገድሉባቸው ዋና ዋና መሣሪያዎች መካከል ያው ሱፐሮክሳይድና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይገኛሉ። ሌላው ሕዋስ በብክነት የሚያፈስሰውን መርዝ ኒውትሮፊል ሆን ብሎ፣ በብዛት ያመርታል። ስለዚህ ከማንኛውም ሕዋስ ይልቅ ጋሻ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። የባሩድ ፋብሪካ ግድግዳ ከእሳት የተጠበቀ ካልሆነ ከጠላት በፊት የሚጠፋው ፋብሪካው ራሱ ነውና።

የኒውትሮፊል ጋሻ ሁለት ወገን አለው። በቅባት ሽፋኑ ውስጥ ተሰክቶ የራዲካሉን ሰንሰለት የሚያቋርጠው ቪታሚን ኢ ነው። በሕዋሱ ፈሳሽ ክፍል ደግሞ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን ወደ ውሃ የሚለውጥ ግሉታታዮን ፐሮክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ይህ ኢንዛይም ያለ ሴሌኒየም አይሠራም። በመዳብና በዚንክ፣ እንዲሁም በማንጋኒዝ የሚሠሩ ሌሎች ጠባቂዎችም አሉ። ዛሬ ግን በእነዚህ በሁለቱ ላይ ማተኮሩ ይበጃል፤ ሁለቱም ከላሚቱ ሰውነት የሚመነጩ ሳይሆኑ አንዱ ከለምለም ሣር፣ ሌላው ከአፈር የሚመጡ ናቸውና።

ይህ ዕውቀት የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ቪታሚን ኢ በካሊፎርንያ የታወቀው በ1922 ሲሆን ያን ጊዜ የተፈለገው ለአይጦች መዋለድ ነበር። ሴሌኒየም በበኩሉ በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሜዳዎች ከብቶችን ሰኮና እያስጣለ የሚገድል መርዝ ተብሎ ተጠንቶ ነበር። በ1957 ክላውስ ሽዋርትዝና ካልቪን ፎልትዝ ይኸው መርዝ በእጅግ ጥቂቱ ሲሰጥ ቪታሚን ኢ ያጡ አይጦችን ከጉበት መበስበስ እንደሚያድን አሳዩ። በ1973 ደግሞ ሴሌኒየም የግሉታታዮን ፐሮክሲዴዝ አካል መሆኑ ተረጋገጠ፤ ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ለምን አንዱ የሌላውን ጉድለት እንደሚሸፍኑም ግልጽ ሆነ።

ወደ ላሚቱ በረት የገባው ማስረጃ በ1979 በስኮትላንድ ከሚገኘው ከሮዌት የምርምር ተቋም ወጣ። ሴሌኒየም ካነሳቸው ከብቶች የተወሰዱ ኒውትሮፊሎች ካንዲዳ የሚባለውን ፈንገስ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሕዋስ ይውጡታል፤ የመግደል ችሎታቸው ግን ቀንሶ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ በአሜሪካ የኦሃዮ ተመራማሪዎች ነገሩን በላሞች ላይ ፈተኑት። ነጥፈው ሳሉ በየቀኑ ቪታሚን ኢ የተሰጣቸው ላሞች በጡት በሽታ የመያዛቸው መጠን በ37 በመቶ ቀነሰ። ሴሌኒየም ብቻ መውጋቱ የሚታመሙትን ቁጥር ባይቀንስም የሕመሙን ዕድሜ አሳጠረ፤ ሁለቱንም ያገኙት ላሞች ሕመም የቆየበት ጊዜ በ62 በመቶ አጠረ። በ2002 ደግሞ በአሜሪካ አዮዋ የእንግዴ ልጃቸው የሚቀርባቸው ላሞች ኒውትሮፊሎቻቸው ገና ከመውለዳቸው በፊት ደካሞች እንደ ነበሩ ታወቀ። የእንግዴ ልጁን እንደ ባዕድ ቆጥረው እንዲለያይ የሚያግዙት እነዚሁ ሕዋሳት ናቸውና። በወሊድ ማግሥት ሐኪም የሚጠራበት ሕመም፣ እንግዲህ፣ ላሚቱ ከነጠፈችበት ቀን ጀምሮ በግርግሟ ላይ ሲዘጋጅ የቆየ ነው።

ይህን ሁሉ በአገር ደረጃ ወደ ተግባር የለወጠችው ፊንላንድ ነች፤ የእርሷም ሥራ በተለይ ለመሐንዲስ ትምህርት ያለው ነው። የፊንላንድ አፈር አሲድነት ያለውና ብረት የበዛበት በመሆኑ በውስጡ ያለውን ጥቂት ሴሌኒየም አጥብቆ ይይዘዋል፤ ለሣሩም አይለቅም። ከዚህ የተነሣ በጥጆች ላይ የጡንቻ መንጣትና መድከም የተለመደ በሽታ ነበር፤ ከ1969 ጀምሮም በፋብሪካ መኖ ውስጥ የሴሌኒየም ጨው ይጨመር ነበር። ነገር ግን የፋብሪካ መኖ የሚደርሰው ለሚገዛው ብቻ ነው። በመሆኑም በ1984 ሶዲየም ሴሌኔት የሚባለውን ጨው በማዳበሪያው ውስጥ ለመጨመር ተወሰነ። ለእህል በሚሆነው ማዳበሪያ በአንድ ኪሎ 16 ሚሊግራም፣ ለሣር በሚሆነው 6 ሚሊግራም ሴሌኒየም ተደረገ። 16 ሚሊግራም ያለበት ማዳበሪያ በአንድ ሄክታር 500 ኪሎ ቢበተን መሬቱ የሚያገኘው ሴሌኒየም 8 ግራም ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው እምብዛም አይበልጥም። በዚህ ጥቂት ነገር የላሙ ወተት፣ ሥጋውና ዳቦው ተለወጠ። አንድ ሰው በቀን ከምግቡ የሚያገኘው ሴሌኒየም ከ0.04 ሚሊግራም ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 0.11 ሚሊግራም ደረሰ።

ከዚህ ሥራ የሚደነቀው ጨው መጨመሩ ብቻ አይደለም። ውጤቱ በየጊዜው በአፈር፣ በመኖ፣ በወተትና በሰው ደም ይለካ ነበር፤ መጠኑም በልኬቱ መሠረት ሲስተካከል ኖሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 6 ሚሊግራም ዝቅ ተደረገ፤ በ1998 ወደ 10፣ በ2007 ወደ 15 ከፍ አለ። መቆጣጠሪያ መሣሪያ የሌለው ቦይለር ማንም መሐንዲስ እንደማያስነሣ ሁሉ እነዚያ ሰዎችም ሳይለኩ አልጨመሩም።

ሳይለኩ የመጨመርን ነገር ኔዘርላንድ አሳይታለች። በ2010 በወጣ ጥናት በዚያ አገር ነጥፈው ለነበሩ ላሞች ለገሚሶቹ በቀን 135፣ ለሌሎቹ 3,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቪታሚን ኢ ተሰጠ። ብዙውን የተቀበሉት ይበልጥ ጤነኞች ይሆናሉ ተብሎ ሲጠበቅ የጡት በሽታ በእነርሱ ላይ በዛ። ቪታሚን ኢ ራዲካሉን ሲያጠፋ ራሱ ደካማ ራዲካል ይሆናል፤ ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሱት ሌሎች ረዳቶች ያስፈልጉታል። እነርሱ በሌሉበት እርሱን ብቻ ማብዛት ምን እንደሚያስከትል በኬሚስትሪ ማሰብ አይቸግርም። በ2001 የወጣው የአሜሪካ የምርምር ምክር ቤት መመሪያ ለነጠፈች ላም በአንድ ኪሎ ክብደቷ 1.6 ዩኒት መድቦ ነበር፤ 400 ኪሎ ለምትመዝን ላም 640 ዩኒት ማለት ነው። ለምለም ሣር የምትግጥ ላም ግን ከዚህ አብዛኛውን ከሣሩ ታገኛለች። የቪታሚን መርፌ ለሁሉም ላም እንደ ጠበል የሚረጭ ነገር አይደለም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚታየው በሌላ መልክ ነው። የአገሩ ዝርያ ላም በቀን ከ2 ሊትር ያልበለጠ ወተት ስትሰጥ ምድጃዋ አነስተኛ፣ ብልጭታዋም ጥቂት ነበር። ከ1967 ጀምሮ በአሰላ፣ ከዚያም በሌሎች ጣቢያዎች ከፍሪዥያን ጋር የማዳቀል ሥራ ሲስፋፋ የላሚቱ ሞተር አደገ፤ ነዳጇ ግን በአመዛኙ የጤፍ ጭድና ድርቆሽ ሆኖ ቀረ። ድርቆሹ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሣሩ ካፈራና ከጠነከረ በኋላ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል። ቪታሚን ኢ ግን ብርሃንና አየር የማይችል ነገር ስለ ሆነ በማድረቁና በክምሩ ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በመስከረም የምትወልድና በግንቦት የምትወልድ ላም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ነጥፋ የከረመችው በሐምሌና በነሐሴ ለምለም ሣር እየጋጠች ነው፤ ሁለተኛዋ በመጋቢትና በሚያዝያ ከኅዳር የቆየ ክምር እየበላች ነው። ክረምቱ በጭቃው ጀርም ያበዛል፤ በሣሩ ደግሞ ጋሻ ይሰጣል፤ በጋው ደረቅና ንጹሕ ቢሆንም ጋሻውን ይነፍጋል። በበጋ ለምትወልደው ላም ከጓሮ መስኖ የበቀለ ጥቂት አልፋልፋ ወይም የዝሆኔ ሣር በነጠፈችባቸው ሁለት ወራት ቢቀርብላት ከብዙ መርፌ ይሻላል።

የፋጉሎ ነገርም ሊዘለል አይገባውም። በመጭመቂያ የተጨመቀ የኑግ ፋጉሎ ውስጥ ዘይት ይቀራል፤ ይህም ዘይት በአብዛኛው ሊኖሌይክ ከሚባለው፣ ኦክሲጅን በቀላሉ ከሚያጠቃው ቅባት የተሠራ ነው። ፋጉሎው በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በሙቀትና በርጥበት ለወራት ሲከመር የራዲካሉ ሰንሰለት ገና ላሚቱ አፍ ሳይደርስ ይጀመራል፤ ሽታው የተለወጠ ፋጉሎ የምትበላ ላምም ከጋሻዋ ላይ ትከፍላለች። ነፋስ የሚያገኝ መጋዘን፣ ከመሬት ከፍ ያለ ወለል፣ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ የሚወጣበት አቀማመጥ፣ እነዚህ ሁሉ ተራ የግንባታና የአሠራር ጉዳዮች ናቸው። ሆኖም ስለ ወተት ልማት በሚደረጉ ጉባኤዎች ከኮርማ ዘር ያነሰ ጊዜ ይሰጣቸዋል።

ስለ አፈሩ ደግሞ በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያና በማላዊ እህሎች ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አረጋግጧል። አሲድነት ያለው፣ ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ሴሌኒየምን አጥብቆ መያዙ ከፊንላንድ የታወቀ ነው፤ የምዕራቡ ደጋም እንዲህ ዓይነት አፈር በብዛት አለው። በሌላ ወገን በስምጥ ሸለቆ የሚጎድለው ሌላ ነው፤ በ1980 በወጣ ጽሑፍ በዚያ አካባቢ ግልገሎች በመዳብ እጥረት የኋላ እግራቸው ሲሰንፍ እንደታየ ተመዝግቧል። እንግዲህ የፊንላንድን ማዳበሪያ እንዳለ አምጥቶ በመላው አገር መበተን ስሕተት ይሆናል። ፊንላንድ ከዳር እስከ ዳር ጎደሎ ነበረች፤ ኢትዮጵያ ግን አንዱ ወረዳ ሲጎድለው ሌላው የሚተርፍባት አገር ናት። ለየአካባቢው አፈር ተስማምተው ቦሮንና ዚንክ የተጨመረባቸው ማዳበሪያዎች ከ2010ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ መሠራጨታቸው ግን መንገዱ እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል።

በማዳበሪያው ፈንታ በመኖው ይጨመር ከተባለ የመቀላቀል ችግር ይነሣል። በአሜሪካ የሚፈቀደው መጠን በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ 0.3 ሚሊግራም ሴሌኒየም ነው። በአንድ ቶን መኖ 0.3 ግራም መሆኑ ነው፤ በሶዲየም ሴሌናይት ሲታሰብ 0.66 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህን ቁንጥር የማይሞላ ዱቄት በአሥር ኩንታል ፉርሽካና ፋጉሎ ውስጥ በአካፋ ለማዳረስ መሞከር ከቶ አይቻልም። ለከብት የመቻያው ዳርቻ በኪሎ 5 ሚሊግራም ስለ ሆነ ከሚያድነው እስከሚጎዳው ያለው ርቀት አሥራ ሰባት እጥፍ አይሞላም፤ ክፉ ቀላቃይ ደግሞ የቶኑን ድርሻ በአንድ ጆንያ ውስጥ ሊከትተው ይችላል። ስለዚህ ጨው በመጀመሪያ ከጥቂት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር፣ ያም ከበለጠ ዱቄት ጋር፣ በመጨረሻ ከመኖው ጋር በየደረጃው መቀላቀል አለበት፤ ከየደረጃውም ናሙና መወሰድ አለበት። የፊንላንዱ መንገድ ብልኃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሴሌኔቱን ሥሩ ይስበዋል፤ ቅጠሉ ከፕሮቲኑ ጋር ያዋሕደዋል፤ ሣሩ ራሱ ቀላቃይ ስለሚሆን በግርግሙ ላይ ሚዛንና አካፋ የሚይዝ ሰው አያስፈልግም።

በየትኛው መንገድ መሄድ እንደሚገባ የሚወስነው ልኬት ነው፤ ለልኬቱም የየላሟን ደም መቅዳት ግድ አይሆንም። ሣሩ ያዋሐደው ሴሌኒየም ወደ ወተት በሚገባ ይሻገራል። በአንድ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ የብዙ ቤት ወተት በአንድ ጋን ይጠራቀማል። ከዚያ ጋን በነሐሴ አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ አንድ ጊዜ የሚወሰድ ጥቂት ናሙና የአካባቢው አፈርና መኖ ለላሞቹ ምን ያህል ሴሌኒየም እንደሰጣቸው ያሳያል። ናሙናውን ለመውሰድ የሚያስፈልገው ንጹሕ ጠርሙስ፣ ማቀዝቀዣና የጣቢያው ስም የሚጻፍበት ወረቀት ነው።